የጡት ሸክምና የእትዬ ሠርኬ ክርክር

ከአውቶቡስ ተራ እስከ እህል በረንዳ በእግሬ ብሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ባልመጣ ነበር። ነገር ግን ወሩ ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ለጉድ ነው፣ የእኔ ጫማ ደግሞ ገና ከካርቶኑ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ ገባሁ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን» እያለ ሌላ ሦስት ሰው ሲጨምር፣ ከጎኔ አንዲት እናት ጀሪካን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ ለካስ እትዬ ሠርኬ ናቸው።

እትዬ ሠርኬን የማያውቅ የእህል በረንዳ ሰው የለም። ትውልዳቸው ጎጃም ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የጤፍ መደብሩን ብቻቸውን ይዘው፣ ከደላላም ከሹፌርም እየተሟገቱ አንድ ልጃቸውን ፀደንያን ለዲግሪ ያበቁ ሴት ናቸው። ጤፍ በመዳፋቸው ዘገን አድርገው ከየት ወረዳ እንደተጫነ ይናገራሉ ይባላል፤ አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ፋናዬ እባላለሁ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ሶማሌ ተራ ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ። ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ደንበኞቼ «ፋናዬ ክኒኑን በነፃ ሰጥታ ምክሩን ብትሸጥ ይሻላት ነበር» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ።

ጀሪካኑ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጸበል ነው አሉኝ፣ ለፀደንያ። የልጅቷን ጀርባና ትከሻ ብርድ ገብቶበት አልወጣ ብሏል። ወጌሻ አሽቷታል፣ ቅባት ተቀብታለች፣ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ደርባ ትውላለች። መደብር ውስጥም ንፋስ እንዳይመታት ብለው መቀመጫዋን ከጆንያው ክምር ጀርባ አድርገውላታል። ያም ሆኖ ብርዱ ባሰበት አሉኝ።

እኔን ይህ ብርድ የሚሉት ነገር ያንገበግበኛል። በአገራችን ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም። ራስ ቢያም ብርድ፣ ወገብ ቢያም ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ። አንድ ጊዜ ስሙን ከሰጠነው በኋላ ሌላ ምክንያት መፈለግ እንተዋለን፤ ሰውየውን በጋቢ ጠቅልለን እናስቀምጠዋለን። ፀደንያን እኔ አውቃታለሁ። በየሳምንቱ የሕመም ማስታገሻ ትገዛኝ ነበር። አንድ ቀን ክኒኑን ከልክዬ ወደ ውስጥ አስገባኋትና «እስኪ ሹራብሽን አውልቂና የሚያምሽን አሳዪኝ» አልኳት። ያየሁት ብርድ አልነበረም። ቀጭን ልጅ ናት፤ ጡቷ ግን ከሰውነቷ አቅም በላይ አድጎ ትከሻዋን ወደ ፊት ጎትቶ አጉብጧታል። የጡት መያዣው ማሰሪያ ትከሻዋ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ አበጅቷል። ከጡቷ ሥር ያለው ቆዳ በላብና በሙቀት ተልጦ ቀልቷል። ሌሊት ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ያን ዕለት ነው ሐኪም ዘንድ የላክኋት።

እትዬ ሠርኬ ይህን አያውቁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ይባስ ብላ ጡቴን በኦፕራሲዮን ላስቀንስ ነው ትለኛለች» አሉኝ። «ለሰኞ ቀጠሮ ይዛለች። ማን እንዳሳበዳት ባወቅሁት።»

በሹክሹክታ ነው ያሉት፤ ዳሩ ግን ዕድሜ ልኩን ከደላላ ጋር ሲከራከር የኖረ ድምፅ ሹክሹክታ አያውቅም፣ ታክሲው በሙሉ ሰማ። ከፊታችን የተቀመጡ ጎልማሳ ሰውዬ ወዲያው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ መሰብሰቡን ረሳ።

«ያሳበድኳት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ መውረጃችን ድረስ ጀሪካናቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ። ታክሲው ሲቆም ጀሪካኑን ለእኔ አሸከሙኝና «ነይ ውረጂ። ልጄ ፊት ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። እኔም ሆዬ፣ ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ማን ይቀድመኛል፤ አዲሱን ጫማዬን ጭቃ ውስጥ እየነከርኩ ተከተልኳቸው።

ፀደንያ ከጆንያው ክምር ጀርባ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣለች። እናቷና እኔ አብረን ስንገባ ስታይ ነገሩ ገባትና ቆመች። እትዬ ሠርኬ ወንበር ሰጡኝ፤ የተጣላ ሰው እንኳ መደብራቸው ቆሞ አይከራከርም። ከዚያ እንደ ዳኛ መሐላችን ተቀመጡና መጀመሪያ ልጃቸው እንድትናገር ፈቀዱላት።

ፀደንያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። «እማዬ፣ አንቺ ሳትመርቂኝ እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም። ይህን ላንቺም ለሐኪሟም ነግሬያለሁ። ሰኞን ካሳለፍኩ ግን ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚደርሰኝ የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ እንዲህ ሆኜ እዚህ መደብር ውስጥ መቀጠል አልችልም። ሥራውን መተዌ ነው።»

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። እናቲቱ ካልመረቁ ልጅቱ አትታከምም፤ ካልታከመች አባቷ የጀመሩትን መደብር ጥላ ትወጣለች። እትዬ ሠርኬ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ግን የመርካቶ ነጋዴ በመጀመሪያው ዋጋ አይስማማም።

ቀስ ብለው ጀመሩ። ጡት የእግዜር ስጦታ ነው፣ የሰጠውን ቆርጦ መጣል ድፍረት ነው አሉ። እኔ ባለፈው ዓመት የዓይናቸውን ሞራ ሲያስገፍፉ ያየኋቸው ሰው ነኝና፣ ዓይንዎስ የማን ስጦታ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ያ ለማየት ነው አሉ። ይህም ቀና ብሎ ለመሄድ ነው አልኳቸው። ጸበሉንም አትጠጪ ያላት የለም፤ የነፍስ አባታቸው ራሳቸው ስኳራቸውን በክኒን እንደሚቆጣጠሩ እኔ ክኒኑን የምሸጥላቸው ምስክር ነኝ። ጸበሉም ይጠጣል፣ ሐኪምም ይታያል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቀጥለው ይህ የቦሌ ልጆች ፋሽን ነው አሉ፤ ለውበት ብሎ ቢላዋ ሥር መግባት። እዚህ ላይ ትንሽ ጋል አልኩ። ፋሽን የሚፈልግ ሰው በሙቀት ጋቢ ደርቦ ከጆንያ ጀርባ አይደበቅም አልኳቸው። ከዚያም ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ጡት ከስብ፣ ከወተት ዕጢና ከቆዳ የተሠራ ነው። በአንዳንድ ሴቶች ላይ በዘር ይሁን በሰውነት ጠባይ ከልክ በላይ ያድጋል፤ ቡዳም አይደለም፣ ብልግናም አይደለም። ወፍራም ሴት ስትከሳ አንዳንዴ ይቀንስላታል፤ ፀደንያ ግን የምትከሳው ሥጋ የላትም። ሐኪሟ በሙሉ ማደንዘዣ አስተኝታ ትርፉን ስብ፣ ዕጢና ቆዳ ታወጣለች፣ የቀረውን ወደ ላይ አንሥታ ትሰፋዋለች፣ ጫፉም ከነደም ሥሩ ወደ ቦታው ይወጣል። የወጣውን ወደ ላቦራቶሪ ልካ ክፉ ነገር እንዳይኖርበት ታስመረምራለች። ጡቱ ይቀራል፤ የሚሄደው ትርፉ ነው።

«ጠባሳ አይቀርም?» አሉ እትዬ ሠርኬ፣ ጤፍ ውስጥ ጠጠር እንዳገኘ ሰው።

ይቀራል አልኳቸው። እኔ ሰውን በውሸት አላሳምንም። በጫፉ ዙሪያ ይቀራል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከጡቱ ሥርም ይዞራል። መጀመሪያ ይቀላል፣ እየቆየ ይደበዝዛል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ሊደማ ይችላል፣ የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፣ ግራና ቀኙም ፍጹም እኩል ላይሆን ይችላል። ማደንዘዣም የራሱ ስጋት አለው፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ ደሟን፣ ልቧንና ሳንባዋን የመረመሯት።

ይህን ሁሉ ሳልደብቅ ስነግራቸው ይበልጥ ማመን ጀመሩ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ከበድ ወዳለው ጥያቄ ተሻገሩ። ልጅ ብትወልድስ አሉ። ታጠባለች? ነገ ሽማግሌ ቢመጣ ምን ብዬ ልዳራት? ይህን ጥያቄ ሲያነሡ ድምፃቸው ሰለለ። አንድ ልጅ ያለቻት እናት የልጅ ልጅ ነገር እንዴት እንደሚያባንናት እኔም እናት ነኝና አውቃለሁ። ስለዚህ እዚህም አልዋሸሁም። ከዚህ ሕክምና በኋላ ብዙዎች ያጠባሉ፣ አንዳንዶች ወተታቸው ያንሳል፣ ጨርሶ የማይመጣላቸውም አሉ፤ አስቀድሞ ዋስትና የሚሰጥ ሐኪም የለም። ቶሎ ለመውለድ የምታስብ ሴት ቆይ ብትባልም ይገባል።

ፀደንያ ነች የመለሰችው። «አስቤበታለሁ፣ እማዬ። ወተቱ ካነሰ ሌላ መላ አለ። እኔ ግን ልጄን ማቀፍ እፈልጋለሁ። አሁን የጎረቤት ሕፃን እንኳ ትንሽ ስይዝ ጀርባዬ ይሰነጠቃል። የሚያገባኝም ሰው ቢሆን ጎብጬ ከምቀር ጠባሳዬን ቢያይ ይሻለዋል።»

እትዬ ሠርኬ ወደ በሩ ዞሩ። ውጪ ወዛደሮች ከአይሱዙ ላይ ጤፍ ያራግፋሉ፤ ጆንያው ሲወርድ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የእህል በረንዳን አሠራር ለማያውቅ ልንገር። ዱሮ ጆንያ ማለት ሙሉ ኩንታል ነበር፤ አንድ ሰው ጀርባው ላይ ይዞት ይሮጣል። እትዬ ሠርኬ ግን አንዱ ወዛደራቸው ወገቡ ተሰብሮ ከቀረ በኋላ፣ ወደ እሳቸው መደብር የሚገባ ጆንያ ሁሉ በግማሽ ተከፍሎ እንዲመጣ አዘዋል። ሹፌሮቹ ጮኹ፣ ደላሎቹ ሳቁባቸው፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። በዚህ ነገር መንደሩ ሁሉ ያከብራቸዋል።

ፀደንያ ወደ ወዛደሮቹ እያየች ተናገረች።

«ወዛደሩ ወገቤን ሲልሽ ጆንያውን በሁለት ክፈሉት አልሽ። ጠንክር፣ ቻለው አላልሽውም። ብርድ ነው ብለሽም ጋቢ አልደረብሽለትም። እሱ ማታ አውርዶት ቤቱ ይገባል፣ እማዬ። እኔ ይዤው ነው የምተኛው።»

እትዬ ሠርኬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ። ከዚያ የመጨረሻዋን መከላከያ አመጡ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ስፈራት የነበረችዋን።

«እኔስ ችዬው የለም?» አሉ። «ይሄ የሴት ዕጣ ነው። እኔም እንዳንቺ ነኝ፣ ተሸክሜው አልኖርኩም? ጮኼ አውቃለሁ?»

ፀደንያ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር። ጠጋ ብላ ነጠላውን ከትከሻቸው ላይ ገለጠችው፣ የቀሚሱንም አንገት ፈቀቅ አደረገች። ያው ቦይ እናቲቱም ትከሻ ላይ አለ፤ የእሳቸውማ ከዓመታት ብዛት ጠቁሮ ቆዳው ደድሯል። ልጅቱ በጣቷ ዳሰሰችው። የራሷን ትከሻ የምትዳስስ ነበር የሚመስለው።

«ያምሻል?» አለቻቸው።

እትዬ ሠርኬን ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም መሰለኝ። «በየቀኑ» አሉ። ከዚያ እናታቸውም እንዲሁ እንደነበሩ፣ ጎንበስ ብለው ኖረው ጎንበስ እንዳሉ መቃብር እንደገቡ ነገሩን። ወጌሻም ጸበልም ሞክረው ነበር፤ ሐኪም ግን ለዚህ መልስ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሴትነት ነው ብሎ ተቀምጧል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዚህች ቅጽበት ልቤ ዘለለ። ክርክር የሚቋጨው ብዙ በሚያውቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ እናት ሕመሟን ችላ መኖሯን እንደ ምክር አድርጋ ለልጇ ስታወርስ ራሷን በጆሮዋ ትሰማለች፣ ያኔ ነገሩ ያልቃል። ችሎ መኖር ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒት በጠፋበት ዘመን። መድኃኒት ባለበት ዘመን ግን ችዬ ኖሬያለሁና አንቺም ቻይው ማለት፣ ሰው መብራት ገብቶለት በኩራዝ ልኑር እንደማለት ነው።

እትዬ ሠርኬ ተነሡ። «ሐኪሟን ካላየሁ አልመርቅም» አሉ።

በማግሥቱ ፋርማሲዬን ዘግቼ ሦስታችን ሄድን። ዶክተር ኢክራ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት፣ ሻሽዋን ጥሩ አድርጋ የጠቀለለች፣ ሳትቸኩል የምትናገር። እትዬ ሠርኬ ጤፍ እንደሚገዙ ሁሉ አንዱንም ሳያልፉ ጠየቋት፤ ስንት ሰው ሠርተሻል፣ የሞተብሽ አለ ወይ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማን ያያታል፣ ማታ ትኩሳት ቢነሣባት ለማን እደውላለሁ። ዶክተሯ ሁሉንም መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ልጅቱ ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ሌት ተቀን የሚደግፍ ልዩ የጡት መያዣ እንድታደርግ፣ በጀርባዋ እንድትተኛ ነገረቻቸው። እትዬ ሠርኬ በመጨረሻ እጇን ያዙና አገላብጠው ተመለከቱት። ምን እንዳዩበት እንጃ፣ ብቻ «እጅሽን ይባርከው» አሏት። ዶክተር ኢክራም አሜን አለች።

ሰኞ ጠዋት ፀደንያን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወስዷት እናቷ በሩ ላይ አስቁመው መረቋት። እንዲያ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም። በሰላም ግቢ፣ በሰላም ውጪ፣ ጀርባሽ ይቅና፣ ሸክምሽ ይቅለል፣ የወለድሽውን እቀፊ፤ እያሉ እያሉ ነርሷ ሰዓት ሄደ እስክትል ድረስ አላቆሙም። ፀደንያ እየሳቀች ገባች። እናቲቱ ግን በሩ ሲዘጋ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

በሰላም ወጣች። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብዬ አላታልልም። ደኅና የሚባለውን ሕመም ታማለች፤ የግራው ስፌት አልደርቅ ብሎ ቁስሉን ለማሳጠብ ደጋግማ ተመላልሳለች፣ እናቷም ያኔ እኔን በስልክ አላስተኛ ብለውኝ ነበር። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋው ላይ ቀና ብላ ስትቀመጥ «ቀለለኝ» ነው ያለችው። ከላቦራቶሪም የመጣው ውጤት ንጹሕ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጤፍ ልገዛ ወደ መደብሩ ጎራ አልኩ። ከጆንያው ጀርባ የነበረው መቀመጫ የለም። ፀደንያ ከፊት ለፊት በረንዳው ላይ፣ ጋቢም ሹራብም ሳትደርብ፣ ከሹፌር ጋር ትከራከራለች። እትዬ ሠርኬ ደግሞ ምስር ነጋዴዋን ሀስናን ይዘው ስብከት ላይ ናቸው። የልጃቸው ክኒን መዋጥ እንደቀረ፣ ቆዳዋ እንደዳነ፣ ጣቶቿ ሌሊት እንደማይደነዝዙ፣ ልኳ የሆነ ልብስ ከሱቅ ገዝታ እንደለበሰች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እንደ ልቧ እንደምትሰግድ ይነግሯታል። ብርድ ብርድ እያልን ስንት ዘመን በከንቱ ታሸን ይላሉ። ትከሻ ላይ ቦይ ያለባት፣ ቆዳዋ የሚላጥ፣ ጀርባዋን የሚያማት ሁሉ ሳትፈር ሐኪም ትጠይቅ ይላሉ። ጠባሳውም የለም ሊሉ ሲሞክሩ ፀደንያ ከወዲያ ሆና «አለ፣ እማዬ» አለቻቸው፤ «አለ፣ ግን ምን ቁም ነገር አለው» ብለው ቀጠሉ። ሀስና አንድ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ በጥሞና ታዳምጣለች።

ፀደንያ ባንክ ሳይዘጋ ለመድረስ ቸኩላ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ሚኒባስ ሊነሣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው። ልጅቱ እጇን አወዛወዘች፤ አላያትም። እሷም ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ሮጠች። በጋሪውና በተሸካሚው መሐል እየተሹለከለከች ሮጣ፣ የታክሲውን በር ይዛ ዘላ ገባች።

እትዬ ሠርኬ ስብከታቸውን ትተው ወደ በረንዳው ጫፍ ወጡ። ታክሲው ከሄደም በኋላ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አላነሡም።

«ከልጅነቷ ወዲህ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም» አሉ። «ሩጫ የማትወድ ጭምት ልጅ ናት እያልኩ ሳመሰግናት ነው የኖርኩት።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሹክሹክታ በሆነ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ፋናዬ፣ ያቺ ሐኪም የእኔን ዕድሜ ሴትም ታያለች?»

ታያለች አልኳቸው። መጀመሪያ ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ልብዎን ትመረምራለች፣ ጡትዎንም በራጅ ታሳያለች፣ የሚሆን ከሆነ ይሆናል ትልዎታለች፣ ካልሆነም ሕመሙን የሚያስታግስ ሌላ መንገድ አታጣም።

«እንግዲያው ንገሪያት» አሉኝ። «ሠርኬ ችላ መኖር ሰልችቷታል በያት።»

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ደወልኩ።